ፓቺንኮን አንብቦ ተከታታዩን ያየ ሰው አለ? ተራኪዋን የት ጣሏት?

ሠርክ_አንባቢ (ማታ 2፡14)

እንዴት አመሻችሁ። ልቤ ስለተቃጠለ ነው የምጽፈው፤ ይረዝማልና ታገሱኝ።

ፓቺንኮን ያነሳሁት ተሳስቼ ነው። አያቴ የቃኘው ሻለቃ ዘማች ነበሩ፤ ኮሪያ የሚል ነገር ሳይ እጄ ዝም ብሎ ይሄዳል። የጦርነቱ ታሪክ መስሎኝ ገዛሁት። ለካ ጦርነቱ መጽሐፉ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ቤተሰቡ ያን ጊዜ ኦሳካ ስለሚኖር ወሬውን የሚሰማው ከሩቅ ነው። ያገኘሁት ግን በለጠብኝ። ደራሲዋ ሚን ጂን ሊ ቡሳን ካለችው የዮንግዶ ደሴት ትነሳለች፦ ዓሣ አጥማጆች ማደሪያ የሚከራዩባት አንዲት ቤት፣ ከንፈሩ ተሰንጥቆ እግሩ ተጣሞ የተወለደ ሁኒ የሚባል ሰው፣ ሚስቱ ያንግጂን፣ ሌሎቹ ልጆች አልቀው የተረፈችላቸው ሱንጃ። ከዚያ ወደ ፊት ብቻ ነው። ከ1910 እስከ 1989 እ.ኤ.አ.፣ አራት ትውልድ፣ ወደ 500 ገጽ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ አፕል ቲቪ የሠራውን የመጀመሪያውን ሲዝን፣ ስምንቱንም ክፍል፣ በሦስት ሌሊት ጨረስኩት። ቆንጆ ነው፤ ልብሱ፣ ባሕሩ፣ ገበያው እንከን አይወጣለትም። ግን ገና ክፍል አንድ ላይ አሮጊቷን ሱንጃን 1989 ላይ ጃፓን አስቀምጠው አሳዩኝ። ከዚያ ወዲያ ልጅቷ ሱንጃን ገበያ ላይ ቢተናኮሏት፣ ብትራብ፣ መርከብ ላይ ብትታመም ምን ልስጋ? ደርሳለች እኮ! የልጅ ልጇ ሰሎሞን መጽሐፉ ላይ ዋና ሰው የሚሆነው ሊያልቅ ሲል ነው። እዚህ ከመጀመሪያው ጀምሮ በሱፍና በከረባት ይመላለሳል።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን ተራኪዋ መጥፋቷ ነው። መጽሐፉ ላይ አብልጬ የምወዳት ሰው እሷ ናት። ድምፅዋን አታነሳም። ሰው ትገድልና በሚቀጥለው አረፍተ ነገር ጎመን ታስከትፋለች። ቴሌቪዥኑ ላይ በእሷ ቦታ ሙዚቃ ገብቷል። ቫዮሊኑ አልቅሺ ሲለኝ ደግሞ እንባዬ ይመለሳል።

ችግሩ እኔ ነኝ ወይስ ሌላም ሰው እንዲህ ሆኗል?

የሸገር_ዘበናይ (2፡31)

አላነበብኩም፣ አይቻለሁ። የሱንጃን ፍቅረኛ ሃንሱን የሚሠራውን ሊ ሚን ሆን የነካ ጠቡ ከእኔ ጋር ነው ሃሃሃ።

ሠርክ_አንባቢ (2፡40)

እሱማ ሌላው ጉዴ ነው። የመጽሐፉ ኮ ሃንሱ ዕድሜው የሱንጃን እጥፍ የሆነ፣ ኦሳካ ላይ ሚስትና ሦስት ሴት ልጆች ያሉት የዓሣ ደላላ ነው። ይሄንንም የሚነግራት ካረገዘች በኋላ ነው። መጀመሪያ ስታየው ነጭ ጫማ ተጫምቶ ዓሣ ገበያ መሀል ቆሟል። ዓሣ ገበያ ውስጥ ነጭ ጫማ! እኔ ሰውየው የገባኝ እዚያ ጫማ ላይ ነው። ጭቃውን ሌላ ሰው ነው የሚጠርግለት። አሁን ቴሌቪዥኑ ላይ ጫማውን ማን ያያል? ሁላችሁም ፊቱ ላይ ናችሁ።

የሸገር_ዘበናይ (2፡43)

እውነትሽን ነው፣ ጫማውን አላየሁም።

እንጦጦ_ነፋስ (3፡05)

ስለ ሥራው ትንሽ ልበል፣ እኔ ድራማ ኤዲት አድርጌ ነው የምበላው። (አገር ቤት ነው፣ አፕል አይደለም፣ አትደንግጡ።)

ዘመኑን ለምን አፈራረቁት ብለሽ ተናደድሽ። እስቲ አንቺ ፕሮዲዩሰር ሁኚና አስቢው። አሮጊቷን ሱንጃን የምትሠራው ዩን ዩ ጁንግ ናት፣ በ2021 እ.ኤ.አ. በሚናሪ ኦስካር የወሰደችው። ታሪኩን እንደ መጽሐፉ በተራ ካስኬድሽው እሷ የምትመጣው በመጨረሻው ሲዝን ነው። ሁለተኛው ሲዝን እንደሚፈቀድ በምን ታውቂያለሽ? ተመልካች ካልመጣ እዚያው ያልቃል፣ እሷም ሳትታይ ቀረች። እኔ ብሆን በእጄ ያለውን ሰው በመጀመሪያው ቀን ነው የማወጣው።

ቁጣሽ ግን ይገባኛል። አንድ ጊዜ ከመጽሐፍ የተወሰደ ድራማ ላይ ሠርቻለሁ፤ ስሙ ይቅር። ደራሲው አንዲት አክስት ነበረችው፤ ቡና ትቆላለች፣ ሰው መጣ ቀረ ትላለች፣ ሌላ ምንም አታደርግም። እሷ ያለችባቸውን ትዕይንቶች ደርድሬ ሳሳየው ፕሮዲዩሰሩ «እዚህ ጋ ምን ተፈጠረ?» አለኝ። ምንም አልተፈጠረም አልኩት። «እንግዲያው ቁረጠው።» ቆረጥኩት። አሥር ክፍል አልፎ አክስቲቱ ስትሞት ለቅሶው በሙሉ ክብር ተቀርጿል፣ ድንኳን፣ ደረት ድቂ፣ ሁሉም አለ። ተመልካቹ ከሥር ምን ብሎ ጻፈ? «ይቺ ደግሞ ማናት?»

የሪያድ_ጀንበር (3፡48)

ሰላም ለዚህ ቤት። እኔም መጽሐፉን አላነበብኩም። የማየው በስልክ ነው፣ ሥራ ሲያልቅ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ ድምፁን ቀንሼ።

ሠርክ አንባቢ፣ ሁሉንም በይ፣ ሩዙን ግን አትንኪብኝ። ያኔ ኮሪያን የምትገዛት ጃፓን ስለሆነች ነጩ ሩዝ ለጃፓኖቹ ነው የሚሸጠው። እናትየው ያንግጂን ልጇ ተድራ ወደማታውቀው አገር ልትሄድባት ነው፤ ባለሱቁ ጋ ሄዳ ትንሽ ነጭ ሩዝ ሽጥልኝ ብላ ለመነችው። እሱ እንኳን ፈራ። ከዚያ ስታጥበው፣ ውኃውን ስትደፋ፣ ክዳኑን ከፍታ እንፋሎቱ ፊቷን ሲመታት፣ አንድም ሰው አይናገርም። ልጅቷ ጎርሳ ዝም አለች። ኋላ አርጅታ፣ 1989 ላይ፣ ሰሎሞን ይዟት የሄደባት ሴትዮ ቤት ሩዝ ቀረበላት። አንዴ ቀመሰችና ይሄ የአገራችን ሩዝ ነው ብላ አለቀሰች። ዘመኑን ባያፈራርቁት ያ እንባ ከየት ይመጣ ነበር?

ባለፈው ዓመት ለፋሲካ እናቴ በሰው እጅ ሽሮ ላከችልኝ። የላስቲኩን ቋጠሮ ስፈታው በሶብላው ሸተተኝና ወጥ ቤቱ መሀል ቁጭ አልኩ። ማዳም መጥታ ምን ሆንሽ አለችኝ። በዓረብኛ ምን ብዬ ልንገራት? ጨጓራዬን አልኳት። ሻይ አፈላችልኝ።

ደግሞ የጽሑፉን ቀለም አይታችኋል? ከሥር የሚወጣው ትርጉም ኮሪያኛ ሲሆን ቢጫ፣ ጃፓንኛ ሲሆን ሰማያዊ ነው። አንዱ አረፍተ ነገር ላይ ሁለቱም የሚገቡበት ጊዜ አለ። እኔን ነው ያሳዩኝ። ቀኑን ሙሉ በሰማያዊ ሳወራ ውዬ ማታ በቢጫ ነው የምተኛው።

ሠርክ_አንባቢ (4፡02)

እህቴ፣ እዚህ ጋ ረታሽኝ። የባለሱቁ ነገር መጽሐፉ ላይ አለ፣ እናትየው ስትለምነው። አሮጊቷ ሩዝ ቀምሳ የምታለቅሰው ግን የእነሱ ነው። የቀለሙ ነገር ደግሞ ከመጽሐፉም ይበልጣል፤ መጽሐፉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ማን በምን ቋንቋ እንደተናገረ ይነገርሻል እንጂ ጆሮሽ አይሰማውም። ይሄን ሳላስብ ነው የተሳደብኩት።

በሶብላው ግን አስራበኝ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ (4፡20)

ልጆች፣ ጨዋታችሁ ደስ ስላለኝ ነው የገባሁት። እድሜዬን ከታሪኩ ትቆጥሩታላችሁ።

ጥር 1977 በፈረንጅ፣ እዚህ አሜሪካ ተማሪ ነበርኩ። የአሌክስ ሄሊ ሩትስ በኤቢሲ ቴሌቪዥን ስምንት ሌሊት በተከታታይ ታየ። መኖሪያችን ውስጥ የነበረው ቴሌቪዥን አንድ ነው፤ ጥቁሩም ነጩም እኛ ሐበሾቹም ወለሉ ላይ ተደርድረን እናያለን። መጽሐፉ የወጣው ባለፈው ዓመት ስለነበር ቀድሜ አንብቤዋለሁ፤ እንደ ሠርክ አንባቢ ማለት ነው፣ በጥርጣሬ ነው የተቀመጥኩት።

መጽሐፉ 120 ምዕራፍ ነው። ኩንታ ኪንቴ ጋምቢያ ውስጥ ጁፉሬ በምትባል መንደር ይወለዳል፤ ፍየል ሲጠብቅ፣ ከአባቱ ጋር ሲጓዝ፣ ለወንድነት ሲሠለጥን ከ30 ምዕራፍ በላይ ይሄዳል። ፈረንጅ ገና በወሬ ነው ያለው። ሲያዝ ከመንደሩ አንድ ሰው የተወሰደብህ ያህል ነው የሚሰማህ። ቴሌቪዥኑ በመጀመሪያው ሌሊት ጨርሶት መርከብ ላይ ጫነን። መርከቡ ላይ ደግሞ ማንን ባገኝ ጥሩ ነው? ኅሊናው የሚወቅሰው፣ እንቅልፍ ያጣ ካፒቴን። ኤድ አዝነር ነው የሠራው፣ ያኔ አሜሪካኖች በጣም የሚወዱት ተዋናይ። መጽሐፉ ያንን ባሕር የሚያሻግርህ ከኩንታ ጋር ነው፣ ከታች፣ በሰንሰለት። ካፒቴኑ ምን ይሰማው እንደነበር አንድም ቀን አላሰብኩም፤ አሁን እንዳስብለት ተጠየቅኩ። ነጩ ተመልካች የሚጠጋበት ሰው እንዲያገኝ ነው፣ ሌላ ምክንያት አላየሁበትም።

ሆኖም ልጨምር። አብሮኝ የሚኖር ልጅ ነበር፣ ከሩቅ ገጠር የመጣ፣ ስሜን ዓመት ሙሉ አስተካክሎ ጠርቶት የማያውቅ። አራተኛው ሌሊት ይሁን አምስተኛው፣ መብራት አጥፍተን ከተኛን በኋላ «የአያትህ ስም ማነው?» አለኝ። ተነስቼ ቁጭ አልኩና እስከ ሰባት ቤት ቆጠርኩለት። አገር ቤት 1969 ነው። ከቆጠርኩለት ቤት ደብዳቤ ከመጣልኝ አራት ወር አልፎ ነበር።

የሸገር_ዘበናይ (4፡26)

ጋሼ፣ ይጨምሩልን እንጂ እዚህ ላይ ይቆማል?

ሲልቨር_ስፕሪንግ (4፡33)

ሌላ ቀን። በ2016 እ.ኤ.አ. እንደገና ሠርተውታል፣ በአራት ሌሊት። አየሁት፣ ጥሩ ነው፣ ብቻዬን ነው ያየሁት።

አሥራ_ስምንተኛው_አውሬሊያኖ (4፡51)

ሠርክ አንባቢ የምትመኘውን የሠራላት ሰው አለ፤ ኔትፍሊክስ፣ የመቶ ዓመት ብቸኝነትን። ደራሲው ጋርሲያ ማርኬዝ በሕይወት እያለ ለፊልም አልሰጥም ብሎ ኖሯል። ልጆቹ የሰጡት በስፓኒሽ እንዲሆንና ኮሎምቢያ ውስጥ እንዲቀረጽ ነው፤ ሁለቱም እንደ ዋና ፕሮዲዩሰር ገብተውበታል። 16 ክፍል ብለው ለሁለት ከፈሉት፣ የመጀመሪያዎቹ 8 ታኅሣሥ 2017 በእኛ ወጡ። ታሪኩ በተራው ነው የሚሄደው። ተራኪውም አለ፣ ከመጽሐፉ ላይ ያነብልሃል። በቃ፣ ይሄ ነው አልኩ።

አልሆነልኝም። ለምን እንደሆነ ለማወቅ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ፊት ስላላቸው ነው!

መጽሐፉን ያነበበ ያውቃል፤ አያቱ ሆሴ አርካዲዮ፣ ልጁ ሆሴ አርካዲዮ፣ የልጅ ልጁ አርካዲዮ፣ የልጁ ወንድም ኮሎኔሉ አውሬሊያኖ፣ ኮሎኔሉ ከየጦር ሜዳው የወለዳቸው 17ቱም አውሬሊያኖ። (ስሜን ከየት እንዳመጣሁት ገባችሁ።) እኔ የዘር ሐረጉ ያለበትን ገጽ በግራ አውራ ጣቴ ይዤ ነው ያነበብኩት። ወደ መሀል ስደርስ ተሰላችቼ ጣቴን አነሳሁና ተደናገርኩ፤ አባት ይሁን ልጅ፣ ይሄኛው ይሁን ያኛው፣ ተወሳሰበብኝ። እንድደናገር ነው የተጻፈውም። ቴሌቪዥን ላይ አንዱ ጢሙ ይለያል፣ ሌላው ቁመቱ። አንድም ጊዜ አልተሳሳትኩም። ስላልተሳሳትኩ ደግሞ ዕጣቸው እየተደጋገመ መሄዱ አላስፈራኝም፤ የተለያዩ ሰዎች ሆኑብኛ።

የኛ ሰው ይሄን መጽሐፍ ሲያነብ «ለምን የአባት ስም አይጨምሩበትም» የሚል ይመስለኛል።

ማንኩሳ_ሜዳ (5፡10)

እናንተ ሰዎች! ይሄን ሁሉ ስታወሩ የወጋየሁ ንጋቱን ስም ሳታነሱ እዚህ ደረሳችሁ?

ፍቅር እስከ መቃብርን እኮ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ ያገኘው በጆሮው ነው፣ በሬዲዮ። አንድ ሰው፣ አንድ ማይክሮፎን። ፊታውራሪ መሸሻን እሱ፣ ጉዱ ካሣን እሱ፣ ሰብለ ወንጌልንም እሱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሐዲስ አለማየሁን ድምፅ፣ ያንን ሳይቸኩል እየቆመ የሚሄደውን ትረካ። ከመጽሐፉ ያስቀረው ሰው የለም። በየቤቱ የየራሱ ሰብለ ነበረች፤ የእናቴ ጠይም ናት፣ የአክስቴ ቀይ፣ ይጣሉባት ነበር። እናቴ ድምፁን ስትሰማ ምጣዱ ላይ ያለውን ትረሳዋለች፤ በዚያ ሰዓት የተጋገረ እንጀራ አንድ ጎኑ ያረረ ነው፣ ማንም አይናገራትም።

ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ልብ ወለዱን ያላነበበ ሰው ስለ ምንድነው ብትሉት በዛብህና ሰብለ ነው የሚላችሁ። ሐዲስ ግን የሚጀምሩት ከማንኩሳ ነው፣ ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ። ለማግባት የዘገዩ ሁለት ሰዎች እንዴት አብረው ቤት እንደሠሩ ሳትቸኩል አንብበህ ነው በዛብህ የሚወለድልህ። በኋላ በዛብህ ላይ የሚደርሰው የሚከብድህ ስለቱን ስለምታውቀው ነው።

(በቴሌቪዥን ስለ ተሠራው ግን እዚህ እንዳትጀምሩኝ፤ ለሱ ሌላ ክር ክፈቱ፣ ሌሊቱ አይበቃንም።)

እንጦጦ_ነፋስ (5፡22)

ስለ ወጋየሁ የሚከራከር የለም። ግን ሬዲዮ ዕድለኛ ነው፤ ድምፅ ፊት የለውም፣ ልብስ አይገዛለትም፣ ሎኬሽን አይከራይለትም። ቦጋለና ውድነሽን ለማሳየት ሁለት ተዋናይ፣ አንድ ጎጆ፣ በሬ፣ የዘመኑ ልብስ፣ የሳምንት ቀረጻ ነው፤ ከዚያ ዋናው ታሪክ ሲመጣ የሉም።

ተራኪ ለምን አታስገቡም ላላችሁት፤ እኛ ሙያው ውስጥ ስንገባ የሚነገረን «በምስል ማሳየት ያቃተው ነው በድምፅ የሚተርከው» ተብሎ ነው። አሁን ሳስበው ማን እንደነገረኝም አላስታውስም።

የሸገር_ዘበናይ (5፡40)

እሺ ሠርክ አንባቢ፣ ክፍል 7ስ? የዮኮሃማው? እሱንም ልትጠይ ነው? እኔ የ1923ቱን የጃፓን የመሬት መንቀጥቀጥ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ኮሪያውያን ጉድጓድ ውኃ መረዙ ተብሎ ተወርቶ በሺዎች እንደተገደሉ ከዚያ ነው ያወቅኩት። ሌሊቱን ሙሉ ሳነብ አደርኩ።

ሠርክ_አንባቢ (5፡58)

እሱን አልጠላም። መጽሐፉ ላይ የለም፣ ራሳቸው ናቸው የጨመሩት፣ በመጨመራቸውም አመሰግናለሁ። ጥያቄዬ ለማን ሰጡት ነው። ያንን ሁሉ መከራ ያሳለፈው ወጣት ሃንሱ ነው። መጽሐፉ ሃንሱ እንዲህ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው አይለኝም፤ እንዲሁ ነጭ ጫማውን አድርጎ ይቆማል፣ እኔ በገዛ ፍርዴ እፈርድበታለሁ፣ አንዳንዴ ደግሞ እየጠላሁት ደስ ይለኛል። ክፍል 7ን ካየሁ በኋላ ግን ልጅቷን ሲያታልላት «እሱም እኮ ብዙ አይቷል» ማለት ጀመርኩ። በራሴ ተናደድኩ። ጋሼ ያሉት ካፒቴን ማለት ይሄ ነው። ሁለቱም ቦታ በዳዩን እንድንረዳለት አንድ ሰዓት ተሰጥቶታል፤ ሱንጃ ጎመን ስትሸጥ የኖረችበትን ዘመን ግን እያቆራረጡ ነው ያሳዩን።

መጽሐፉ ኋላ ላይ፣ ስሙን አልጠራም፣ ከልጅነቱ ጀምረን ያሳደግነው አንድ ሰው ይሞታል። በስልክ ነው የሚነገረን። አንድ አረፍተ ነገር። ገጹን ገልጬ ወደ ኋላ ተመለስኩ፣ የዘለልኩት ነገር ያለ መስሎኝ። አልዘለልኩም። እስከ ሁለተኛው ሲዝን መጨረሻ እዚያ አልደረሱም፤ ሲደርሱ ግን ያንን አንድ መስመር በምን እንደሚያሳዩት አላውቅም። ዝናብ ያዘንባሉ ብዬ ፈራሁ።

የሪያድ_ጀንበር (6፡03)

ማነው የሚሞተው? አትንገሪኝ። ቆይ ንገሪኝ።

ኖአ እንዳትይኝ ብቻ።

የሸገር_ዘበናይ (6፡04)

ኧረ ስፖይል አታድርጉ በእናታችሁ!

ሠርክ_አንባቢ (6፡09)

ትንፍሽ አልልም። ጀንበር፣ አንቺ ግን አንብቢው። ስሞቹ ራሳቸው ቤትሽ ያስገቡሻል፤ ይስሐቅ፣ ዮሴፍ፣ ኖኅ፣ ሙሴ፣ ሰሎሞን፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መዝገብ ነው የሚመስለው። እንግሊዝኛውም ቀላል ነው፣ አጭር አጭር።

የሪያድ_ጀንበር (6፡15)

እንግሊዝኛዬ እስከ 10ኛ ክፍል ነው። መዝገበ ቃላት ይዤ እሞክራለሁ። መጀመሪያውን ክፍል በነፃ ያስነብባል አለኝ ስልኩ፣ አወረድኩት።

አሥራ_ስምንተኛው_አውሬሊያኖ (6፡20)

በርቺ። የዘር ሐረግ ገጽ የለውም፣ አውራ ጣትሽ ነፃ ነው።

የሪያድ_ጀንበር (ሌሊት 7፡36)

ተኝታችኋል መሰለኝ። አንዱን ምዕራፍ ጨረስኩ።

ሁኒ ሞተ። ቴሌቪዥኑ ላይ ለሱ አልቅሼ ነበር፣ አባትየው ልጁን ሲያያት የሚያያት ዓይን። እዚህ ልጅቷ 13 ዓመቷ ነው፣ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ አለችኝ፣ አበቃ። ሁለቴ አነበብኩት። ቃል የሳትኩ መስሎኝ መዝገበ ቃላቱንም አየሁ። ቀጥሎ ምን ይላል መሰላችሁ፤ በማግስቱ ጠዋት ሚስትየው ከምኝታዋ ተነስታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

አባቴ ያረፈ ለት እዚህ ነበርኩ። በስልክ ነው የነገሩኝ። በማግስቱ የልጆቹን ዩኒፎርም ተኩሻለሁ፣ አምስት ሸሚዝ ነበር።

በነፃ የሰጠኝ ሊያልቅ ጥቂት ገጽ ቀርቶታል፣ ግን 11 ሰዓት ተነሺ ነኝ። ደህና እደሩ።